መኪናዋ ጎጃም መግባቷን አታውቅም፦ የአሮጌ መኪና ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ መነሻቸው አንድ ነው። አዲሶቹ መኪኖች አየሩ ሲሳሳ በሴንሰር ያውቁታል፤ ቤንዚኑንም ራሳቸው ይቀንሳሉ። የእኛዎቹ ባለ ካርቡራተሮች (ካርቡራተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ ነው) ግን ይህን አያውቁም። ፋብሪካ ላይ ለባህር ጠለል ተስተካክለው ወጥተዋል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ሲነዱም ያንኑ ልክ ይዘው ነው። የት እንዳሉ የሚነግራቸው ባለቤቱ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ረዘም አድርጌ የመለስኩት ለዚህ ነው፤ ሌሎቻችሁም ካርቡራተር ካላችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከድሬዳዋ ኮሮላ ዲኤክስ ገዝቼ ደብረ ማርቆስ አመጣሁ። ሞተሯ 4ኬ ነው። እዚያ ደህና ነበረች። እዚህ ግን ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም፣ ቤንዚን ትጠጣለች። ጋራዥ ወሰድኳት፤ ኮምፕሬሽን ሲለካ አራቱም ሲሊንደር 120 አካባቢ አሳየ። ማንዋሉ 155 አካባቢ ይላል። «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» አሉኝ። ላውርደው? (አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አታውርደው፣ ወንድሜ። በዚህ ቁጥር ብቻ ተነስተህ በፍጹም አታውርደው።

ኮምፕሬሽን ጌጅ የሚያሳየው ፒስተኑ የሳበውን አየር ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት ነው። የተሳበው አየር ከሳሳ ንባቡም ይወርዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማንዋሉ ላይ የተጻፈው ደግሞ የባህር ጠለል ቁጥር ነው። ለእኛ ከፍታ የማንዋሉን ቁጥር በ0.78 ታበዛለህ። 155 በ0.78 ሲባዛ 121 ይመጣል። ያንተው 120 አለ። ያለህ ጤነኛ ሞተር ነው!

ከቁጥሩ በላይ ደግሞ ልዩነቱን ተመልከት። አራቱም ተቀራራቢ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። አንዱ 120 ሌላው 85 ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። እንደዚያ ሲሆን በደካማው ሲሊንደር በካንዴላው (ብልጭታ በሚሰጠው ዕቃ) ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ እንደገና ትለካለህ። ንባቡ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቩን ወይም ጓርኒሲዮኑን (የሞተሩን ራስ ማሸጊያ) ትጠረጥራለህ። ልኬቱም በወጉ ይሁን። ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላ ይውጡ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ አንድ ሰው ጋዙን እስከ መጨረሻው ረግጦ ይያዝልህ። ጋዙ ሳይረገጥ የተለካ ኮምፕሬሽን ዋጋ የለውም። አየር ሳይገባ ምን ይጨመቃል?

ቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል የሚለካውን) የምትጠቀሙም ይህንኑ አስቡ። መጽሐፍ ላይ ሞተሩ ሚኒሞ ሲይዝ (ጋዝ ሳይረገጥ ሲዞር) ከ17 እስከ 21 ኢንች ይላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። እኛ ጋ ከ9 እስከ 13 ካሳየና መርፌው ካልተንቀጠቀጠ ደህና ነው። ይህን ባለማስላት ስንት ጤነኛ ሞተር ተፈታ! ከልቤ ያሳዝነኛል። ፋብሪካ የገጠመውን 4ኬ ያለ በቂ ምክንያት መንካት ሀጢአት ነው የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጭሱ። ጥቁር ጭስ ማለት ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ ዘይት እየተቃጠለ ነው እልህ ነበር። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ በእጥፍ ከፍ ብለህ መጥተሃል። አየሩ ሳሳ፤ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው መጠን አልቀነሰም። ካንዴላዎቹን አውጥተህ እያቸው። ጫፋቸው እንደ ጥላሸት ጥቁርና ደረቅ ከሆነ የምልህ እውነት ነው። ጤነኛ ካንዴላ ወደ ቡና ያደላ ቀለም አለው።

ወጪ ከሌለው ጀምር። የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ ወደ ፀሐይ አቅናው፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩ (ለቀዝቃዛ ሞተር አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በዓይንህ እይ። ማጣሪያው ከላይ ሲነሳ የቾኩ ክዳን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ገመዱ ዝጎ ግማሽ ላይ የቀረበትን ብዙ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ዳሽቦርድ ላይ ያለውን እጀታ ገፍቶ «ዘግቼዋለሁ» ይላል፣ ክዳኑ ግን አልተነሳም። ቀጥሎ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነው። 4ኬ ካርቡራተር ጎኑ ላይ ትንሽ መስታወት አለው፤ የቤንዚኑ ከፍታ መሀል አካባቢ መታየት አለበት። መስታወቱን ከሞላ መዝጊያው መርፌ አልቋል ወይም ተንሳፋፊው ተበስቷል።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ጅግለሩን ቀይር። ጅግለር ቤንዚኑ የሚያልፍበት ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ ነው፤ ቁጥር ተቀርጾበታል። ለእኛ ከፍታ ቁጥሩን አምስት በመቶ ያህል ማውረድ ይበቃል። ለምሳሌ 100 ካለ 95። በመርፌና በሽቦ ማጥበብም ማስፋትም ክልክል ነው፤ የተበላሸ ጅግለር አይመለስም። አሮጌውን በወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጥ። ቆላ ገብተህ ልትኖር ከሆነ መልሰህ ትገጥመዋለህ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ቫልቭ ያቃጥላል። አባይን ለመሻገር ያህል ግን ችግር የለውም።

በመጨረሻ ታይሚንግ፣ ማለትም ብልጭታው የሚመጣበት ጊዜ። በሳሳ አየር ላይ ብልጭታውን ሁለት ሦስት ዲግሪ ማስቀደም ይቻላል፤ ጉልበት ይጨምርልሃል። ከዚያ በፊት ግን ፑንቲናውን (ብልጭታውን የሚቆራርጠውን መገናኛ) 0.45 ሚሊሜትር፣ ካንዴላውን 0.8 አድርገህ ክፈት። ታይሚንጉን አስቀድመህ ዳገት ላይ ጋዝ ስትረግጥ ሞተሩ ቢያንኳኳ መልሰው። ይህን ሁሉ ካደረግህም በኋላ የድሬዳዋን ጉልበት አትጠብቅ። በየ1,000 ሜትሩ አስር በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፤ ይሄ የተፈጥሮ ነው፣ ማንም መካኒክ አይመልሰውም። ጭሱ ግን ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ትቶልኝ ያለፈ የ1972 ቮልስ አለችኝ (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። ባህር ዳር ውስጥ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አዲስ አበባ ይዣት መሄድ አምሮኛል። ሰው ሁሉ «አባይ በረሃ ላይ ትቀርብሻለች» ይለኛል። ምን ላድርግላት? (አንባቢ፣ ከባህር ዳር)

መልስ፦ አባትሽን ነፍስ ይማር። መኪናዋ ትደርሳለች፣ እህቴ። ቮልስ በደንብ ከተያዘች ጎሐ ጽዮንን ትወጣለች። ሰው የሚያየው የቆመችዋን ነው፤ ያለፈችዋን ማን ያስታውሳል?

የቮልስ ውሃዋ አየር ነው። ራዲያተር የላትም፤ ከኋላ ያለው ፋን አየር ይነፍሳል፣ ዘይቱም ሙቀት ይሸከማል። ስለዚህ ሁለቱ ላይ አተኩሪ።

ዘይቱን ቀይሪ። ሁለት ሊትር ተኩል ነው የምትይዘው፤ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደክማል። እንደ ሌሎቹ መኪኖች የወረቀት ማጣሪያ የላትም፣ ከሥር የሽቦ ወንፊት ነው ያለው። መካኒክሽ ወንፊቱን አውጥቶ ይጠበው። ዘይት ቀይሮ ወንፊቱን ሳይነካ የሚመልስ አለ፤ አጠገቡ ቁሚ። ቫልቩም ይስተካከል፣ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ቀዝቃዛ ሳለ። ለአንቺዋ 0.15 ሚሊሜትር ነው። «ድምፅ እንዳይኖረው» ብሎ የሚያጠብልሽን እንቢ በይው። ትንሽ የሚንቀጫቀጭ ቫልቭ ጤነኛ ነው። የጠበበው ግን ወንበሩ ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ሙቀቱን አያስተላልፍምና ይቃጠላል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚከልልበት እሱ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል።

ከዚያ የኋላውን ኮፈን ክፈቺና ሞተሩ ዙሪያ ያለውን ጎማ እይ። በላሜራውና በቦዲው መሀል ዞሮ የሚዘጋ ጎማ ነው። ብዙዎቹ ላይ ተቆራርጦ የለም። እሱ ከሌለ ከማርሚታው የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ፋኑ ይገባል። አባይ በረሃ ላይ ቮልስን የሚያቆማት ይሄ ነው። ሶማሌ ተራ ጎማው ካልተገኘ የበር ጎማ በልኩ ተቆርጦ መግባት ይችላል።

ችንጋውን በአውራ ጣትሽ መሀሉ ላይ ተጫኚው፤ አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል መግባት አለበት። ትርፍ ችንጋና ባለ 21 ቁልፍ መኪናው ውስጥ ይኑር። ይህን በደንብ ያዢልኝ፦ እየነዳሽ የባትሪው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያው ቁሚ። በሌላ መኪና «ጄኔሬተር ነው፣ ከተማ እደርሳለሁ» ይባላል። በቮልስ ፋኑን የሚያዞረው ያው ችንጋ ነው። ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ማቀዝቀዣ የለውም፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትሄጂ ይነክሳል (ፒስተኑ ተጣብቆ ይቆማል)።

አሁን ከሁሉም በላይ የምፈራውን ልንገርሽ፤ የቤንዚን ቱቦ። ጎማው ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑ ትኩስ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ብዙ ቮልሶች የተቃጠሉት በዚህ ነው። ቱቦውን ከታንኩ እስከ ካርቡራተሩ ድረስ በሙሉ አስቀይሪ። ሁለቱም ጫፍ ማሰሪያ ይኑረው። ካርቡራተሩ ላይ ቱቦው የሚገባበትን ትንሽ የነሐስ ቧንቧ በጣትሽ ያዢውና ወዝውዢው። ከተነቃነቀ አትሂጂ፤ መጀመሪያ ይጠበቅ። እሳት ማጥፊያ ደግሞ እጅሽ በሚደርስበት ቦታ ይኑር።

መንገዱን በተመለከተ፦ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ተነስተሽ ወንዙ ጋ 1,000 ሜትር አካባቢ ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ትወጪያለሽ። ደጀን ላይ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገቢ። በሞተር ውረጂ። ፍሬን ረገጥ አድርጊና ልቀቂ፤ ላዩ ላይ አትቀመጪበት። ዜሮ ማርሽ አድርጎ መልቀቅ ቤንዚን ይቆጥባል የሚሉሽን አትስሚ፤ በዚያ መንገድ ብዙ ሰው አልቋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲሱ ዶት 3 የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ እርጥበት የጠጣው ግን 140 አካባቢ ላይ ይፈላል። የፈላ ዘይት ውስጥ እንፋሎት አለ፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ከመነሳትሽ በፊት ደግሞ በእርግጥ ይቀየር። ስትወጪ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ዞር ይበል፤ በሦስተኛ አታስጨንቂው። ፋኑ የሚፈጥነው ሞተሩ ሲፈጥን ነው። በማለዳ ተነሺ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ተሻገሪ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የቆየች ፔጆ 404 አለችኝ። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ሞተሩ እየተንፏቀቀ ይዞራል፣ መብራቱም ይደበዝዛል። ባትሪ አዲስ ገዛሁ። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ተጠገነ። ለውጥ የለም። (አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ የኔታ። ተጨማሪ ዕቃ እንዳይገዙ። ሁለቱም ካልረዱ ችግሩ መሀላቸው ባለው ሽቦ ላይ ነው፤ በብዛት ደግሞ በመሬቱ (የባትሪውን ኔጋቲቭ ከቦዲውና ከሞተሩ በሚያገናኘው ሽቦ) በኩል።

ቴስተር ይዋሱ፤ 20 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉት። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ራሱ ላይ ይንኩ፤ ማሰሪያው ላይ አይደለም። ሌላውን ሞተሩ ላይ ቀለም የሌለው ብረት ላይ። ልጅ ይቀመጥና ቁልፉን ያዙርልዎ። እየዞረ ሳለ ቴስተሩ ከ0.2 በታች ካሳየ መሬቱ ጥሩ ነው። ከግማሽ ቮልት ካለፈ በዚያ መንገድ ላይ ኃይሉ እየባከነ ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ ከእርሳሱ ወደ ማሰሪያው ያዛውሩ። ንባቡ በድንገት ከወረደ ጥፋቱ በእርሳሱና በማሰሪያው መሀል ነው። ካልወረደ ወደ ቦዲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ሽቦ ይመልከቱ። እንዲህ እየተንቀሳቀሱ ጥፋቱን በጣት ያገኙታል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ማሰሪያውን ይፍቱ፣ ነጩን ዝገት በሙቅ ውሃና በሶዳ ያጥቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይፈትጉ፣ ይሰሩና ቫዝሊን ይቀቡ። የሞተሩ መሬት ሽቦ ከተበጣጠሰ ወፈር ያለ ይግጠሙ። ሲፈቱ ኔጋቲቩ ይቅደም፣ ሲያስሩ ኔጋቲቩ ይከተል። በደንብ የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሰራ 14 አካባቢ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ የሙቀት መርፌ መሀል ላይ ሳለ ራዲያተሩ ይፈላል። መካኒኩ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን) አውጥቶ ጣለው። አሁንም ይፈላል። (አንባቢ፣ ከአማኑኤል)

መልስ፦ የራዲያተሩን ክዳን ቀይር። በእኛ ከፍታ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለሞተር ይሄ ተራ የሥራ ሙቀት ነው። ክዳኑ ግፊት ሲይዝ ነው ውሃው ከ110 በላይ ድረስ ሳይፈላ የሚቆየው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም፤ መርፌው ሳይነሳ ይፈላብሃል። ስትገዛ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አመሳክር፣ 0.9 ካለ 0.9። ቴርሞስታቱንም መልስ። ያለ እሱ ሞተሩ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትጠቀም፤ ኩላንት ዝገት ይከላከላል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን በጭራሽ አትክፈት።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ጠዋት አትነሳም። ቀትር ላይ ራሷ ትነሳለች። (አንባቢ፣ ከዳንግላ)

መልስ፦ እርጥበት ነው። ማታ ጨለማ ሲሆን ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩን አስነሳ። የካንዴላ ሽቦዎቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ካየህ ሽቦው አልቋል። የዲስትሪቢዩተሩን (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አውጥተህ ከውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ የፀጉር ያህል ጥቁር መስመር ካለበት ተሰንጥቋል፣ ቀይረው። መኪናዋን የምታቆምበት ቦታ ጣሪያ ቢኖረው ደግሞ ግማሹ ችግር ይቀራል።

ጥያቄ፦ የአያቴን ሾርት ቤዝ ላንድክሩዘር እያደስኩ ነው። ቤተሰብ «ሽጠው» ይለኛል። እኔ ግን ትልቅ ጎማ፣ ኤልኢዲ መብራትና ሌላ ሞተር ልገጥምለት ነው። ከየት ልጀምር? (አንባቢ፣ ከቢቸና)

መልስ፦ አትሽጠው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሰሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለውን ማዳን ነው ያለን። እንደዚህ ያለ መኪና አንዴ ከእጅህ ከወጣ መልሰህ አታገኘውም።

ቅደም ተከተልህ ግን ተገልብጧል። መጀመሪያ ፍሬን። አራቱም ታምቡር ይፈታ፣ ሸራው ይታይ፣ ጎማ ቱቦዎቹ ሁሉ ይቀየሩ። ከውጭ ደህና የሚመስል የፍሬን ቱቦ ከውስጥ አብጦ መንገዱን ይዘጋል፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ቀጥሎ መብራት። ኤልኢዲውን ተወው። ያንተ ፋኖስ የተሠራው ለክር አምፖል ነው፤ የብርሃኑ መነሻ ቦታ ሲቀየር መንገዱን ትቶ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል። ይልቅ ሁለት ሪሌ ግጠም። በአሮጌ መኪና የመብራቱ ኃይል በሙሉ በመሪው ሥር ባለው ማብሪያ አልፎ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ሲደርስ ደክሟል። ሪሌው ከባትሪው በፊውዝ በኩል በቀጥታ ያደርሰዋል። በዚያው አምፖል ላይ የምታየው ለውጥ ይገርምሃል።

ሦስተኛ፣ ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን መቀየር ጥሩ ነው። ኮይሉ ከእሱ ጋር የሚስማማ መሆኑን በኦም ለካ፤ ካልተስማማ አንዱ ይቃጠላል። አሮጌውን ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ መሳቢያው ውስጥ አኑረው። ሞጣ መንገድ ላይ ኤሌክትሮኒኩ ቢሞት ፑንቲናውን በካቻቢቴ ገጥመህ ቤትህ ትገባለህ።

ሞተር መቀየሩን ለመጨረሻ አቆየው። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ከመግዛትህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። የድሮው ሞተር መጠገን የሚችል ከሆነ እኔ ብሆን እሱኑ አሠራለሁ።

ጎማ ደግሞ ትልቅነቱን ሳይሆን ዕድሜውን እይ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካየህ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አትንዳበት፤ አውልቀህ ጣለው። ትርፍ ጎማህን ጭምር እይ፣ አያትህ ከገዙት ጀምሮ ያልተነካ ሊሆን ይችላል።